ቧንቧው የቆመ ሰሞን

ሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ እንጨት ነበር። ረጅም፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ ጫፉ ላይ ናስ የተመታበት እንጨት። የነዳጅ ቦቴ ለመንዳት ስንት ፈተና አልፌ፣ ስንት አሻራ ሰጥቼ፣ እንጨት አስይዘው ሲያቆሙኝ ተናደድኩ።

አሠልጣኜ ጋሽ ተስፋይ የሚባሉ ኤርትራዊ ነበሩ። አማርኛን አሥመራ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ቢሆንም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያሳምሩታል። «ጋሽ ተስፋይ፣ አሜሪካ መጥተን በእንጨት?» አልኳቸው። አልሳቁም።

«ማደያው ስትደርስ ባለቤቱ ስንት እንደቀረው ይነግርሃል። ቢሮ ያለው ማሽንም ይነግርሃል። ሁለቱንም አመስግንና እንጨትህን አስገባ» አሉኝ።

ሥራው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ነዳጁ ከሩቅ አገር መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ይመጣና ተርሚናል የምንለው ቦታ ትልልቅ ጎተራዎች ውስጥ ይጠራቀማል። እኛ ከዚያ ቀድተን ለየማደያው እናደርሳለን። ማደያው የሚያኖረው ከመሬት በታች ባለ ታንክ ነው። ቱቦ ገጥመን ቫልቩን ስንከፍት ነዳጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ታንኩ ቦታ ከሌለው ግን ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ አንዲት ብልጭታ እሳት ታስነሳለች። ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚለካው።

የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ቧንቧው ቀዳዳ አወጣ ተባለና ተዘጋ። ተርሚናሉ ነዳጁን በራሽን ማደል ጀመረ። ሰልፍ ይዘን ስንጠብቅ የሾፌሩ ወሬ ሁሉ ስለ ነገ ሆነ። አንዱ «አዲስ ቧንቧ ሊዘረጉ ነው፤ ያን ጊዜ ለትራክ አለቀለት» ይላል። ሌላው «ባቡሩ ጠቅልሎ ይወስደዋል» ይላል።

«ቧንቧ ማደያ ድረስ አይመጣም፤ ባቡርም ቡርንስቪል ከተማ ውስጥ ታጥፎ አይገባም» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «መጨረሻዋን መንገድ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። እሱም ካልተኛ።»

አንድ ጠዋት ጭነት የምትመድብልን ዲስፓቸሯ ደወለችልኝ። ለዛሬ የተሰጠን የመጨረሻው ጭነት የእኔ መሆኑን፣ ቡርንስቪል ሰይድ ጋ እንዳደርሰው፣ ማደያው ማታ እንደደረቀ ነገረችኝ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ሚኒሶታ የገባሁ ክረምት ሳሎናቸው ያስተኙኝ፣ በገዛ መኪናቸው መንዳት ያስተማሩኝ፣ ከዚህ ሥራ ጋር ያገናኙኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያች ማደያ በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ከሀይዌይ ስወርድ መኪኖች ይከተሉኝ ጀመር። ቦቴ ያየ ሁሉ ቤንዚን መጣ ብሎ ነው። ማደያው ስደርስ ሰልፉ እስከ ትራፊክ መብራቱ ደርሷል፤ ሞተሩን ያጠፋ ሰው የለም። አንዱ ሲጋራ ያጨሳል። እንዲያጠፋ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አየኝና መስኮቱን ዘጋ።

ጋሽ ሰይድ ከመኪናቸው መውረዳቸው ነበር። ፓምፖቹ ማታ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው።

«ደሬ፣ አላህ ነው የላከህ። ቶሎ ልቀቀው።»

«እሺ ጋሽ ሰይድ፣ አንዴ ልለካ።»

«ማታ ራሴ ለክቼዋለሁ። ደረቅ ነው።»

«አንዴ ብቻ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ልዋሽህ? ቤቴ እንዳልኖርክ፣ ዛሬ በሰው ፊት በእንጨት ልታጣራብኝ ነው?»

በእኛ ሰው መሀል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረንጆቹ ባለማደያዎች ስለካ ዞረውም አያዩኝም። ለእኛ ሰው ግን ቃሉን ከሰጠ በኋላ መለካት ኪሱን እንደ መፈተሽ ነው። ስንት ጎበዝ ሾፌር በይሉኝታ እንጨቱን መልሶ ሰቅሏል። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ከእሳቱ ይልቅ የፈራሁት እሳቸውን ነው።

እንጨቱን አወረድኩ። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ክዳኑን ከፍቼ አስገባሁና ሳወጣው እርጥቡ እላይ ድረስ ነበር። ታንኩ ሞልቷል።

«ይዩት፣ ጋሽ ሰይድ።»

አላመኑኝም። እንጨቱን ተቀብለው በጨርቅ ጠረጉና ራሳቸው አስገቡት። ያው ነው።

ይሄኔ ልጃቸው ሐናን ከሱቁ ወጣች። እዚሁ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ ጠዋት ማደያውን የምትከፍተውም እሷ ነች። «ይሄ ከየት መጣ?» አሏት።

«ሌላ ትራክ ዴሊቨር አድርጎ ሄደ፤ መስጊድ ሱብሒ ስትሰግድ። አይ ቶት ዩ ኒው፣ ባባ፤ የምታውቅ መስሎኝ። ፓምፑን አንተ እስክትመጣ ብዬ ነው ያልከፈትኩት።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። ጋሽ ሰይድ በጭንቀት ለሌላ ድርጅትም ደውለው ነበር፤ አንችልም ስላሏቸው ጉዳዩን ከሐሳባቸው አውጥተውታል፤ ድርጅቱ ግን ሳይነግራቸው ልኮላቸዋል። ማታ ለክቼዋለሁ ያሉትም እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ሰይድ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ሰልፉን አዩ፣ ባለሲጋራውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ላቃጥላት ነበር» አሉ። እኔም ክዳኑን ገጥሜ እንጨቴን ሰቀልኩ። ዲስፓቸሯ ጭነቱን ኒው ሆፕ ወዳለ የደረቀ ማደያ ላከችው።

ቧንቧው ተጠግኖ ሥራው ሲረጋጋ ተመልሼ ሄድኩ። ያኮርፉኛል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስሳቀቅ ነበር። ከቦቴው ወርጄ «እንደምን አደሩ» ብዬ እጄን ስዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡት።

«መጀመሪያ ለካ» አሉኝ። «ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።»

ለካሁ። ከዚያ ትከሻዬን ስበው ሳሙኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ ማደያ ሰላምታ የምንለዋወጠው በዚሁ ተራ ነበር።

ዛሬ ወጣት ሾፌሮች ይሄ ሥራ ወደፊት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁኛል። ቧንቧው ይረዝም ይሆናል፤ መኪናው ሁሉ በኤሌክትሪክ ይሄድ ይሆናል፤ አላውቅም። የማውቀው፣ የማይዋሽ ሰውም ይሳሳታል። ስለዚህ ይለካል።