በአራሷ ላይ የዘጋሁት በር

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሁለት ጥንቸሎች ትታልኝ ሄደች። «ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ምንም አያስቸግሩሽም» አለች። አንደኛዋ «ሴት» ወንድ መሆኑን ያወቅሁት ሌላኛዋ የሆዷን ፀጉር በአፏ እየነጨች ሳጥኗ ውስጥ ስታነጥፍ ነው። መጀመሪያ እከክ የያዛት መስሎኝ ነበር። ለራሴ የራስ ምታት ኪኒን መግዣ ጊዜ የሌለኝ ሰው፣ ስለ ጥንቸል ቆዳ ሳነብ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። እርጉዝ መሆኗ ሲገባኝ ወንዱን ለየሁትና ለእሷ ድርቆሽ ጨመርኩላት።

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ቀን ቢሮ ነኝ። ቤት ደግሞ እናቴ አለች፤ ጉልበቷ ከተያዘ ወዲህ ከጌጃ ሰፈር አምጥቻት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ባለው ቤቴ አብረን እንኖራለን። እሷን አጣጥቤ፣ እራቷን ሰጥቼ ስጨርስ የጥንቸል ሽንት ማጠብ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶቼ «ለማይበላ እንስሳ እንዲህ ትለፊያለሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። አቅም ሲኖረኝ እኔም እስቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ስወጣ፣ ፀጉሩ ውስጥ ስድስት ግልገሎች አገኘሁ። ራቁታቸውን ናቸው፣ ዓይናቸው አልተከፈተም፣ አንዳቸውም ከአውራ ጣቴ ብዙ አይበልጡም። እናቴ ምርኩዟን ይዛ መጥታ አየቻቸውና «ማርያም ማረቻት» አለች። ደስ አለኝ። ደስ ካለኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ትንሽ አፈርኩ። ለልጄ ደውዬ ስነግራት አለቀሰች። «እማዬ፣ ለእረፍት ስመጣ ስድስቱንም ላያቸው፤ አንድም እንዳይሞት» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እናትየዋ ግን ልጆቿ ጋ አትቀመጥም። ቅዳሜን ሙሉ ተከታተልኳት፤ በረንዳው ጥግ ተጋድማ ጎመኗን ታኝካለች። እሑድም እንዲሁ። ሳጥኑን ዞር ብላ እንኳ አታየውም። እኛ ዘንድ አራስ ከአልጋዋ አትወርድም። ንፋስ እንዳይመታት በሩ ይዘጋል፣ ገንፎው ያለችበት ድረስ ይመጣላታል፣ ሕፃኑ ከጎኗ አይለይም። ይህቺ ግን የወለደችም አትመስልም።

እውነቱን ለመናገር ንዴቴ ከጥንቸሏ አልፎ ይሄድ ነበር። እናቴ እኔን በወለደች በሃያ ቀኗ፣ ገና ክርስትና ሳልነሳ፣ ለጎረቤት ትታኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሽንኩርት ልትሸጥ ወጥታለች። ቤተሰቡ ውስጥ እንደ ቀልድ የሚወራ ነው። ሲወራ አብሬ እስቃለሁ እንጂ አስቆኝ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥንቸሏን አንስቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኳትና መውጫውን በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ዘጋሁት። ድንጋይም አስደገፍኩበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቴ ከወንበሯ።

«ታጥባቸዋ።»

«ተያት፤ እሷ ታውቃለች።»

«አውቃ ነው ልጆቿን ጥላ የምትዞረው?»

እናቴ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። እኔም ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሳጥኑ ትንሽ ተንኳኳ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ይኸው እያጠባች ነው ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ፀሐይዋ ከበረንዳው ሸሽታለች። ኮምፔንሳቶውን ሳነሳው ጥንቸሏ ተወርውራ ወጣች። መውጫ ፍለጋ ስትራወጥ ሁለቱን ረግጣ ገድላቸዋለች።

የቢሮ ባልደረባዬ ወንድም የእንስሳት ሐኪም ነው። ደወልኩለት፤ እናቴም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«እትዬ፣ ጥንቸል እንደ ዶሮ ልጆቿን አታቅፍም» አለኝ። «በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ገብታ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባለች። ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ከዚያ ራቅ ትላለች፤ አውሬ ጠረኗን ተከትሎ እንዳይደርስባቸው። የቀሩት ሆዳቸው እንዴት ነው?»

ዳሰስኳቸው። አራቱም ሞቅ ያሉ ናቸው፣ ሆዳቸውም አልጎደለም።

«ጠብተዋል ማለት ነው። የሞቱትን ያውጡ፣ የረጠበውን ድርቆሽ ይቀይሩ፣ ፀጉሩን ግን እንዳይጥሉት፤ መልሰው ያልብሷቸው። በቀን አንዴ ይዩአቸው። ሌላውን ለእሷ ይተዉላት።»

ስልኩን ስዘጋ እናቴ «ዛሬ ጠዋት ለጸሎት ስነሳ አይቻታለሁ» አለች። «አጥብታ ስትወጣ።»

«ታዲያ ስዘጋባት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ እሷ የምታወሪ አልመሰለኝማ።»

ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሕንፃው ጀርባ ቀበርኳቸው። ለልጄም ደውዬ ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም አልደበቅኋትም። የቀሩትን አራቱን ፀጉሩን መልሼ አልብሼ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እነሱም ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ እናቴ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። የበረንዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርገን ጎን ለጎን ቆምን። ጥንቸሏ ወዲያ ወዲህ ካሸተተች በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ዘላ ገባች። ግልገሎቹ ከፀጉሩ ስር እየተገፋፉ ወጡ። ሻይ እንኳ በማይፈላበት ጊዜ ጨርሳ ወጣችና ወደ ጥጓ ሄደች። አራቱም ተጠጋግተው ተኙ።

«እኔም ከጠመንጃ ያዥ በቀን ሁለቴ በሩጫ እመጣ ነበር» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳታነሳ። «ወተቱ ቀሚሴን አርሶት። አንቺ ጠግበሽ እንቅልፍ ይወስድሻል፣ እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ። በምን ታውቂዋለሽ?»

ብዙ ስለቆመች ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ወንበሯ ላይ አስቀምጫት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አሸሁላት። ቢሮ አረፈድኩ።