ለፋሩቅ ቦታ ያልተወው ፊልም

ተስፋዓለም በቀላሉ የሚቆጣ ሰው አይደለም። ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ሱሪዬን አሳጠርክብኝ ብሎ የሚጮህበትን ደንበኛ እንኳ "ይሁን፣ አምጣው" ብሎ ነው የሚመልሰው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ነገር ግን ጨርቅ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ያነባል። ጠዋት ዳዊቱን ሳይደግም የስፌት መኪናውን አይነካም። ያን ሰሞን ግን ለሰላምታ እንኳ የማይመች ሰው ሆኖ ከረመ። ያናደደው ደግሞ ፊልም ነው።

የሚስቱ የብርነሽ እህት ልጅ ሕይወት ነርስ ናት። ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ እነሱ ቤት ነው የምትኖረው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ላፕቶፗን ይዛ ሱቁ ገባች።

"ጋሼ፣ እርስዎና አክስቴ ስለ አንድ የድሮ አስፈሪ ፊልም ሁልጊዜ ታወራላችሁ አይደል? ከጉድጓድ ውስጥ ስለምትጣራው ሴትዮ።"

"ጠሪዋ" አለ ተስፋዓለም፣ ከመርፌው ቀና ሳይል።

"እሷን ነው። አዲስ ወጥቶላታል። ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን የሚያሳይ ነው፤ ሴትዮዋ እንዴት እንደዚያ ልትሆን እንደቻለች። ለአክስቴ ነግሬያት መቼ ነው የምናየው እያለች ነው። እርስዎ ቀድመው ይዩት ብዬ ነው።"

"ጠሪዋ" የፊልሙ ስም አይደለም። ትክክለኛ ስሙን ከተማው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ጭሮ በሰው አፍ አሰበ ተፈሪ ብቻ በነበረችበት ዘመን፣ ዘይኑዲን የሚባል ሰው መስኮቱን በብርድ ልብስ የሸፈነ ቪዲዮ ቤት ነበረው። አግዳሚዎቹ ላይ ተጣቦ የተቀመጠው ተመልካች እንግሊዝኛ አያውቅም። ስለዚህ ፋሩቅ የሚባል ወጣት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይተርክ ነበር። ሰው ፊልሙን በዓይኑ ያያል፤ የሚሰማው ግን ፋሩቅን ነው።

ብርነሽና ተስፋዓለም የመጀመሪያ ልጃቸውን የቀበሩት በዚያው ዘመን ነበር። ወንድ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። የክርስትና ስም አላገኘም፣ ፍትሐትም አልተደረገለትም። የቤት ስሙንም ቢሆን እስኪጠና ብለው አቆይተውለት ነበር። ብርነሽ ከዚያ በኋላ መናገር ተወች። እህል አቅርቡላት ሲባል ይቀርብላታል፣ ይነሣል። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ተስፋዓለም ከቤት ካወጣኋት ይሻላታል ብሎ ይዟት ሲሄድ፣ ዘይኑዲን ከበሩ ላይ ጠራቸው። "ግቡ፣ የእናት ፊልም ነው" አላቸው። ለብርነሽም በሩ አጠገብ ወንበር አወጣላት።

የእናት ፊልም ነው የተባለው ጠሪዋ ሆኖ ተገኘ። ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነው ሴት ከደረቀ ጉድጓድ እየወጣች ትጣራለች፤ ሰው ሁሉ ይሸሻታል። ተስፋዓለም ምን አገባኝ ብሎ ሊነሣ ሲል ፋሩቅ እንዲህ አለ፦ "ይህች እናት ልጇ ስም ሳይወጣለት የሞተባት ናት። በምን ስም ልጥራው ብላ ነው የምትንከራተተው።" መጨረሻ ላይ፣ ሴትየዋ አንድ የተከፈተ በር ፊት ስትቆም፣ ፋሩቅ ድምፁን ቀጭን አድርጎ ለልጁ መለሰለት፦ "ስም ባይኖረኝም ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ እናቴ። አልጠፋሁም።"

ብርነሽ እዚያ ወንበር ላይ አለቀሰች። ማታ እራት በላች። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ሁለት ሴቶች ልጆች ሰጥቷቸው አሁን ሁለቱም ድሬዳዋ ናቸው። ሆኖም ብርነሽ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በጸሎቷ መጨረሻ ላይ፣ "ድምፄን ለሚያውቀው" ብላ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትጨምራለች።

እንግዲህ ተስፋዓለም አዲሱን ፊልም ሱቁ ውስጥ ያየው ይህን ይዞ ነው። አየና ተናደደ። ሴትየዋ ልጅነት ተሰጥቷታል። ክፉ እንጀራ እናት ተሰጥቷታል። አንድ ሐኪም መጥቶ ስለ ጭንቅላቷ ረጅም ንግግር ያደርጋል። አንድ የጥንቆላ መጽሐፍም አለ። የድሮው ፊልም ፊቷን ደብቆ ሲያስፈራ፣ ይኼኛው ፊቷን እስክትሰለች ድረስ ያሳያል። ይህ ሁሉ ይሁን። ግን የገዛ ልጇን በእጇ ጉድጓድ ውስጥ ትጥለዋለች።

"ይህን የሠራው የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ነው" አለ ላፕቶፑን እየዘጋ።

"ኧረ ጋሼ፣ የመጀመሪያውም እኮ ያው ነው።"

"ምኑ ነው ያው?"

"ገድላዋለች። የምትጣራውም የሌላ ሰው ልጆችን ወደ ጉድጓዱ ለመሳብ ነው። እኔ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን አይቼዋለሁ።"

"አላየሽም። ልጁ ይመልስላታል እኮ።"

ሕይወት አልተከራከረችም፤ የድሮውን ፊልም ፈልጋ መጨረሻውን ከፈተችለት። ያው ሴትዮ፣ ያው በር። ነፋስ ይነፍሳል። የልጅ ድምፅ የለም። በሩ ይከፈትና ያልቃል። ተስፋዓለም መልሺው አላት፤ መለሰችው። ነፋስ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነ። ብርነሽ "ያን ፊልም መቼ ነው የምናየው?" ስትለው፣ አንዴ ላፕቶፑ ተበላሽቷል፣ አንዴ ጾም ነው ይላታል። "ለአንተ ሲሆን ጾም አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ አይተኸዋል አሉ" አለችው። እንድታየው ቢፈቅድ፣ የምትጸልይበት ቃል ከልጅ ገዳይ ፊልም የመጣ መሆኑን ታውቃለች። ቢከለክላት ደግሞ ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ መዋሸት ደግሞ አያውቅበትም።

በመጨረሻ ክር ልገዛ ነው ብሎ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ሚኤሶ ወረደ። ፋሩቅ አሁን እዚያ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ጎሚስታ ነው። ጢሙን ሂና ቀብቶ፣ በዚያ ሙቀት የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

"አቦ ተስፋ፣ መኪና የለህ፣ ምን ፈንድቶብህ መጣህ?"

"ፊልም።"

ተስፋዓለም ሁሉንም ነገረው። ፋሩቅ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሰውየው እንደማይስቅ ሲያይ ተወ።

"ለመሆኑ እንግሊዝኛ ትችል ነበር?"

"የስ እና ኖ እችል ነበር።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው?"

"ከሥዕሉ ነዋ። ካሴቱ አርጅቶ ድምፁ ይንጫጫል፤ ሰው ከፍሎ ገብቷል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ዝም ብላ ትሄዳለች። አንድ ሰው መናገር የለበትም? አንድ ቀን እናት አደርጋታለሁ። ሌላ ቀን ጂን። ጎረምሳ ከበዛ ባሏን የምትበላ አደርጋታለሁ፣ ይጮሃሉ።"

"ብርነሽ የመጣች ቀንስ? ስም የሌለው ልጅ ያልከው? ስለኛ ሰምተህ አልነበረም?"

ፋሩቅ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ወላሂ፣ ተስፋ፣ አላስታውስም።"

ተስፋዓለም መንገድ ላይ ሙሉ የተመኘው ለእናንተ ብዬ ነው እንዲለው ነበር። አላስታውስም ሲለው ደሙ ፈላ። ሰው እንዴት የሌላ ሰው ዕንባ ያደረቀበትን ቃል አያስታውስም? ሊቆጣው አፉን ሲከፍት ግን የሚቆጣበትን ምክንያት አጣ። ፋሩቅም የገባው ይመስላል፦

"እሁድ እመጣለሁ። ድምፁን ትዘጉታላችሁ፣ እኔ አወራለሁ። ልጁንም ከጉድጓድ አወጣዋለሁ። ጎማ ብለጥፍ አፌ አልተለጠፈም" አለው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ፋሩቅ አዲስ ሽርጡን አገልድሞ መጣ። ሕይወት አዲሱን ፊልም ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተች፣ ድምፁን አጠፋች። ብርነሽ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ፋሩቅ እንደ ድሮው ከጎን ቆመና "ቢስሚላህ" ብሎ ጀመረ።

"ይህች ሕፃን የወደፊቷ እናት ናት። ደግ ነበረች። ይህ ሰውዬ… ይህ ሰውዬ አጎቷ ነው፣ በጣም ይወዳታል።"

ወዲያው ልጅቱ አድጋ ሰውየውን አገባችው።

"አጎቷ አላልክም?" አለች ብርነሽ።

"የሩቅ ነው።"

ሕይወት በትራስ አፏን ሸፈነች። ፋሩቅ ላቡን ጠረገና ቀጠለ፤ ፊልሙ ግን አልጠበቀውም። አንዱን ሰው ስም ሲሰጠው ሌላው ይገባል። ቤቷ ተቃጠለ ሊል ሲል የተቃጠለው ቤት የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ መጥቶ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ እያንዳንዱን ነገር በጣቱ እየጠቆመ በሥዕል ያስረዳል። የድሮው ፊልም ሴትዮዋን ብቻዋን ረጅም መንገድ ያስኬዳት ነበር፤ ፋሩቅ በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ታሪክ ያስገባ ነበር። እዚህ ግን ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለም። ተስፋዓለም የልጅ ዩኒፎርም ሲሰፋ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ልጅ ያድጋልና። ይህን ፊልም የሰፋው ሰው ግን ሁሉንም እስከ ጠርዙ ቆርጦታል፤ ለማንም አይለቀቅም። እንዲህ እያሰበ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ ጉድጓዱ መጣ። ሴትየዋ ሕፃኑን ይዛ ቆማለች። ብርሃኑ እንደ ቀትር ነው፤ እጇም ፊቷም የልጁም ጣቶች ይታያሉ።

"ልታጥበው ነው" አለ ፋሩቅ ቶሎ ብሎ። "ውሃው ጥሩ ነው፣ እሷም…"

እጆቿ ለቀቁት። ፊልሙ ከላይ አሳየው፣ ከታች አሳየው፣ ደግሞ መልሶ ከላይ አሳየው።

ፋሩቅ አፉን ከፍቶ ቆመ። "አቃተኝ" አለ በመጨረሻ። "ይህ ፊልም ለሰው ቦታ አልተወም።"

ተስፋዓለም ሊያጠፋው ተነሣ። ብርነሽ ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ፣ "ድምፁን ክፈቺው፣ ሕይወት" አለች። "ከዚያ ወዲያ ያለውን ልየው።"

ሁለቱ ወንዶች ወደ ጊቢው ወጡ። አስር የሚባለው የከሰዓት ሰላት ደርሶ ነበርና ተስፋዓለም የጀበና ቅርጽ ያላትን ማንቆርቆሪያ ሞልቶ ለፋሩቅ ሰጠው። ፋሩቅ ውዱእ አድርጎ አጥሩ ሥር ሰገደ። ከቤት ውስጥ ጩኸት ይሰማል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የሐኪሙ ይመስላል የማያልቅ ንግግር ይሰማል። ተስፋዓለም በየጩኸቱ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ራሱን ይረግማል፤ ምናለ መጀመሪያውኑ እቅጩን ነግሬያት ቢሆን ይላል።

ብርነሽ ስትወጣ ዓይኗን አየ። ደረቅ ነበር።

"ረዘመ" አለች።

"እናስ?"

"እናማ፣ የመጀመሪያው ይሻላል። ይኼኛው ያወራል፣ ያወራል። ያስፈራኛል ብዬ ነበር፣ ሰለቸኝ።"

"ልጁን እኮ…"

"አይቻለሁ። ይህች ልጇን የገደለች ሴት ናት። እኔ የማውቃት ሌላ ናት።"

ተስፋዓለም ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም። "ሌላ አይደለችም፣ ብርነሽ። የድሮዋም ያቺው ናት። ልጁ የመለሰው ፋሩቅ ከራሱ አውጥቶ ነው። ፊልሙ ላይ ነፋስ ብቻ ነው ያለው።"

ብርነሽ ባሏን ቆማ አየችው። "ይህንን ልትደብቀኝ ነው ስትቅበጠበጥ የከረምከው?"

ተስፋዓለም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ሴትየዋ አፏ ሳይንቀሳቀስ ፋሩቅ ስንት ነገር ይናገር ነበር። ዓይን የለኝም? ገና ያኔ ነው ያወቅሁት።"

ፋሩቅ ከአጥሩ ሥር ሳል ሳል አለው።

"ታዲያ ለምን አመንሽው?" አለ ተስፋዓለም፣ ድምፁ እንደ ክስ ሆኖበት።

"ፊልሙን መች አመንኩ? ስም ሳይኖረው እናቱን ያውቃል የሚለውን ነው ያመንኩት። እሱ ደግሞ ፋሩቅ ቢልም ባይልም እውነት ነው። ፈጣሪ ስሙን ሳይጠይቅ የሚያውቀው ልጅ ነው።" ከዚያ ወደ ፋሩቅ ዞረች። "አንተ ግን እግዜር ይስጥህ። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው አልነገረኝም።"

ፋሩቅ አንገቱን ደፋ። "ምን ብዬ ነበር፣ ብርነሽ? ንገሪኝ እስቲ፤ እኔ ረስቼዋለሁ።"

ብርነሽ ከቃል ቃል ሳታዛንፍ ነገረችው፤ የልጁንም ድምፅ ቀጭን አድርጋ። ፋሩቅ የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ሆኖ አዳመጠ። "አሏሁ አክበር፣ ጥሩ ነበርኩ" አለ ሲያበቃ። ብርነሽ ሳቀች፤ ዳቦና ሻይ ላምጣላችሁ ብላ ገባች።

ተስፋዓለም ተመስገን አለ በልቡ። በጣም ከልቡ ነው ያለው። ንዴቱ ግን አልወጣለትም። ስንት ቀን ያለ እንቅልፍ አድሮ፣ ሚኤሶ ድረስ ወርዶ፣ ለካ እሷ ያኔውኑ ጨርሳዋለች። በሚስቱ እንዲናደድ ምክንያት የለውም። በፋሩቅም እንዲሁ። የቀሩት ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው።

"እሺ፣ ሁሉም ይሁን" አለ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ፣ "ግን ያ ሐኪም ምን አግብቶት ነው?"

"እኔም እሱን ነው ያልኩት" አለ ፋሩቅ ከጎኑ እየተቀመጠ። "አቦ፣ ዝም ቢል ኖሮ እኔ ጥሩ አድርጌ አስወጣው ነበር።"

"የጥንቆላ መጽሐፉስ? ሰው ክፉ ለመሆን መጽሐፍ ያስፈልገዋል እንዴ?"

ሕይወት በመስኮቱ ብቅ ብላ መጽሐፉ በሦስተኛው ፊልም ላይ እንደሚብራራ ነገረቻቸው። ተስፋዓለም ሦስተኛም አለ ወይ ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።