የቆመው ሰዓት ፈተና

ተማሪዎቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ «ለምን?» ሳትል ውላ አታውቅማ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ጭንቅላታቸው ዕድሜያቸውን የቀደመ ልጆችን ነው። ክፍሏ ከሃያ ልጅ በላይ አይቀበልም፤ እሷ ደግሞ በወረቀት ፈተና ልጅ መርጣ አታውቅም። የቆመ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ታኖርና «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። ከዚያ በመስኮት ታያለች። ሰዓቱን ገልብጦ ሆዱን የከፈተ ልጅ፣ እሱ የሷ ነው።

ወሬ እግር አለው፣ ከወላጆች ጆሮ ደረሰ።

የዚያን ዓመት የመጀመሪያው ልጅ ገባና ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ካቻቢቴ! «እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ በጣም ያጓጓኛል» አለ፣ ለባዶ ክፍል። ሁለተኛዋም ካቻቢቴ፣ ያችው ቃል። ሦስተኛው ታየሁ አልታየሁ እያለ አንድ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሏል። ረፋድ ላይ ነገሩ ገባት። ጉጉትን በቃል ያስጠናሉ! የከረመ ሥጋ እንደ ሸተተው ሰው አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች።

በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ገባች። ጠዋቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ከእናቷ ባልዲ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሰዓቱን በጣቷም ሳትነካው ተመልሳ ወጣች።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ውጪ ሲያጠኑት የነበረው ሁሉም አንድ ነገር ነው። ለምን? ሰዓቱ ምን አድርጓቸው ነው?»

እትዬ ለምን የዚያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። የልጅቱን ስም ዝርዝሩ አናት ላይ ጻፈችው።

ርዕሰ መምህሩ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ሰረዘው። እሱ ራሱ ድሮ ያንን ሰዓት ከከፈቱት ልጆቿ አንዱ ነበር፤ ይበልጥ ያጥወለወላትም ይኼው ነው።

«ደንቡ የእርስዎ ነው ቲቸር። ያልከፈተ አይገባም ብለው የለ?»

«ብያለሁ። እነዚህን የከፈቱላቸው እናቶቻቸው ናቸው።»

«ወላጅ ለልጁ ቢደክም ምን ነውር አለው?»

«አንተን ማን አስጠናህ?»

ወለሉን ማየት ጀመረ። «ለማንኛውም ወንበሩ ሃያ ነው፣ ሞልቷል። የእህቴም ልጅ በወጉ ተፈትኖ ነው ያለፈው።»

«የእህትህ ልጅማ ካቻቢቴውን ገልብጦ ነው የያዘው!»

«ቲቸር፣ ወንበር የለም አልኩ።»

«ወንበር ነው የቸገረህ?» የራሷን ወንበር ከጠረጴዛዋ ኋላ እየጎተተች ወስዳ ፊት ረድፍ ላይ አቆመችው።

«እርስዎስ ምን ላይ ሊቀመጡ?»

«እግሩ የኔ፣ አንተን ምን አገባህ!»

ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም። ወጣ።

ልጅቷ ገባች ሲባል ወላጆች እናትየዋን ከበቧት። «እባክሽ እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው ያሳደግሻት?»

«ኧረ ምንም! ሥራ ስሠራ ባልዲው ጋ ትቀመጣለች።»

በማግስቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አሥራ ሁለት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ባልዲውን ከቦ ተቀምጧል፣ እናቶቻቸውም ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ ለምን ጡረታ እስክትወጣ አራት ዓመት ቆማ አስተማረች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። እሱን ችላዋለች። በየጠዋቱ በዚያ ኮሪደር ባልዲ ከበው በሚጠብቁት ልጆች መሃል ስታልፍ ግን ክፍሏ እስክትደርስ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።