ነጭ ሽንኩርት የበላችው ዓሣ

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ሆሳዕና ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት ነበራት፤ ከዕቃ መደርደሪያው ጎን ደግሞ ከአዲስ አበባ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣቻት አንዲት ወርቃማ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ትዋኝ ነበር። ወርቄ እንላታለን። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፤ ጠዋት ገብታ ከሰው በፊት ሰላም የምትለው እሷን ነበር።

መስቀል ሆነና እንደ አገሩ ደንብ ሁላችንም ጥሬ ሥጋ በላን። ወርቄ ብቻዋን ምን በወጣት ብዬ ከድርሻዬ ቆንጥሬ ጣል አደረግሁላት። ብዙም ሳይቆይ ምግብ እምቢ አለች። ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከኋላዋም ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይንጠለጠል ጀመር። ገደልኳት አልኩ፤ ትንፍሽ ግን አላልኩም።

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ እቴነሽ አዩዋት። «ይቺማ ኮሶ ይዟታል!»

«ኧረ እትዬ፣ ዓሣ ጥሬ ሥጋ ከየት ታገኛለች?» አለች አክስቴ።

«እኔ ምን አውቄ! በጥብጪና ጨምሪላት።»

አክስቴ የተበጠበጠ ኮሶ ይዛ ገንዳው ላይ ስትጎነበስ ልቅሶዬን ለቀቅሁት። «አትጨምሪ፣ ትሞታለች! ሥጋ ያበላኋት እኔ ነኝ!»

«አላልኩሽም?» አሉ እትዬ እቴነሽ።

አክስቴ ብርጭቆውን አየችው። «እኔን የሚያስተኛ ነገር እሷን ምን ያደርጋታል!» ብላ ውጭ ደፋችው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ውኃውን ጨምቃ የዓሣዋን ምግብ ነከረችበት። መድኃኒት የሚወስድ በባዶ ሆዱ ነው ብላም ወርቄን አንድ ቀን አስጾመቻት። በማግሥቱ ወርቄ ምግቡን ጎረሰች፣ ተፋች፣ መልሳ ጎረሰች።

«ፀጉር ቤት ነው ወጥ ቤት?» ይሉ ነበር ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው።

ሳምንት ሳይሞላ ያ ክር ጠፋ፤ ወርቄም እጃችንን ስታይ እየሮጠች መምጣት ጀመረች። እኔም ምግብ አልበላ ካለኝ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ያን ዕለት ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ዛሬ የልጄ ዓሣ ሲያመው ስልክ ከፍተን የመድኃኒቱን ስም እንፈልጋለን። የወርቄ በሽታ ግን ከሥጋው ይሁን ከሌላ፣ ያዳናት ሽንኩርቱ ይሁን ጾሙ፣ እስካሁን አላውቅም።

አክስቴ ያኔ ስለ ሥጋው አንድም ቃል አልተናገረችኝም። የወርቄን የምግብ ቆርቆሮ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችና የእኔ እጅ የሚደርስበት መስኮት ላይ አስቀመጠችው።