ሸክላው የያዘው

ሉዌላ ፔነር በበጋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደጁን ቧንቧ ትከፍታለች። ቤቱን ዙሪያውን ከከበበው ቀዳዳማ የውሃ ጎማ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። በእኛ የካንሳስ ከተማ ይህን የማያደርግ የለም፤ ከሥር ያለው የሸክላ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤት ይሰነጥቃል።

ባሏ ዴል ዕድሜውን በአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ከቅባት ሲያጸዳ ኖሮ ሞተ። የማጽጃው ፈሳሽ ጣፋጭ ሽታ ከሸሚዙ ጋር እስከ ደጅ ይመጣ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሽታው ከመሬት በታች ባለው ክፍል ብቅ ማለት ጀመረ። ድርቅ በበረታ ጊዜ፣ ባጠጣች ማግስት፣ ሉዌላ ደረጃው ላይ ቆማ ታሸተዋለች። ለማንም አልተናገረችም። ታች ያለውን የዴልን ወንበር ግን ከቦታው አላነሳችም።

ሐምሌ ላይ ልጇ ኮሪን የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ፎቁ በሙቀት ስለማያስተኛ አልጋዋን ታች ዘረጋች።

«እማዬ፣ እዚህ አባዬ አባዬ ይሸታል።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«በሕይወት ሳለማ ሸሚዙን በረንዳ ላይ ነበር የምታስወልቂው!»

ከፋብሪካው የፈሰሰው የማጽጃ ፈሳሽ በሰፈሩ ሥር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በየቤቱ እየዞረ የፈሳሹን እንፋሎት ከአየር የሚለካው ግራንት ሹልት በግንቦት ሲመጣ ጥቂት ነበር ያገኘው። አሁን ተመልሶ ሲለካ ግን መሣሪያውን ደጋግሞ አየ።

«ወይዘሮ ፔነር፣ መሠረቱን ያጠጣሉ?»

«የማያጠጣ ማን አለ?»

«ደረቅ ሸክላ የፈሳሹን እንፋሎት አጥብቆ ይይዛል። ውሃ ሲመጣበት ግን ቦታውን ለውሃው ይለቃል። የተባረረው እንፋሎት በወለሉ ስንጥቅ ወደ ቤት ይገባል። ብስባሽ ያለው ጥቁር አፈር ቢሆን ረጥቦም ጥቂት ያስቀር ነበር። ከቤትዎ ሥር ያለው ግን ሸክላ ብቻ ነው።»

«ፅንስስ?»

«ልቡ ገና እየተሠራ ባለበት ጊዜ ይጎዳዋል ተብሎ ይፈራል።»

ሉዌላ ወረደች። ኮሪን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ሉዌላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴልን ፈራችው።

«ተነሺ ልጄ። ላይ ነው የምትተኚው።»

«ላዩ እኮ ምድጃ ነው!»

«ተቀቀዪ። ተነሺ ብያለሁ።»

ሉዌላ መሠረቱን ማጠጣት አቆመች። በነሐሴ የሰሜኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር ተሰነጠቀ። በዚያው ሰሞን ሠራተኞች መጥተው የታችኛውን ወለል በሱ፤ ከሥሩ ያለውን አየር ስቦ ከጣራ በላይ የሚያስወጣ ቧንቧና ማራገቢያ ተከሉ።