በተራው የሚከፈት ገጽ

ክንፈሚካኤልን እወደዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ግን እንደተናደድሁበት ነው። ቋሪት ተወልዶ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቱ የአብነት ተማሪ ነበር፤ ኮምፒዩተር የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። ቡሬ ላይ አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን እንሠራ ነበር። ለገበሬ የሚሆን የስልክ መተግበሪያ እንድናዘጋጅ ታዘን፣ ከዘር መረጣ እስከ እህል ማከማቸት አራት መቶ ገጽ ምክር ተረከብን። የቸገረን ገበሬው በዚህ ሁሉ ገጽ በየት ገብቶ በየት ይውጣ የሚለው ነበር።

እኔ ማውጫው ፊት ለፊት ይሁን፣ ሁሉም የቸገረውን ነክቶ ይክፈት፣ ሰውን የሚገድለው ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ በቀይ ይጻፍ አልሁ። እሱ በፍጹም አለ። ፊደል ያልቆጠረ ዳዊት አይደግምም፣ ዳዊት ያልደገመ ቅኔ ቤት አይገባም፤ የኔታ ያሳደጉት እንደዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ገጽ ተነብቦ ሳያልቅ ቀጣዩ እንዳይከፈት አድርጎ ሠራው።

"እየዘለለ ያነበበ ይሳሳታል" ይለኛል። ግትር ነው፣ ግትርነቱን ደግሞ በጨዋ ድምፅ ነው የሚናገረው። አለቆቻችን ወደዱለት። እኔም አፌን ይዤ ፈረምሁ።

ሙከራውን ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ አደረግን። ይታገሱ የሚባል ገበሬ ስልኩን ሲነካካ እናቱ ወይዘሮ እጅጉ አጠገቡ ቆመው አዩና፣ "ምነው ልጆቼ፣ በቆሎዬን ነቀዝ እየጨረሰብኝ እናንተ ስለ አውድማ ታስነብቡናላችሁ?" አሉ። ሳቅን።

"ተራው ሲደርስ ይከፈታል፣ እማማ" አላቸው ክንፈሚካኤል።

የነቀዝ ክኒን ጆንያ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙንም ሰውንም ይገድላል። እዚህ አገር ደግሞ ሰው እህሉን ከዓይኑ አያርቅም፤ ጆንያው የሚደረደረው መኝታው አጠገብ ነው። ይህን የሚከለክል ገጽ ነበረን። የነበረው ግን ስለ ክኒኑ አገባብ ከሚያስረዳው ገጽ በኋላ፣ አራተኛው ላይ ነው።

ጥር ላይ ወይዘሮ እጅጉ ለዘመድ ተዝካር ቡሬ ሄደው አደሩ። ይታገሱ በተራው እያነበበ የክኒኑ ገጽ ላይ ደርሶ ነበርና፣ ክኒኑን ከገበያ ገዝቶ መተግበሪያው እንዳለው አስገባ፣ የጆንያዎቹን አፍ አሰረ። ቀጥሎ የተከፈተለት ስለ ጆንያ ስፌት ነበርና ስልኩን አስቀመጠው። በማግስቱ እናቱ ሲመለሱ እሱንም የአምስት ዓመት ልጁን አደይንም ሞተው አገኟቸው።

ወሬው በደረሰን ቀን ማስጠንቀቂያውን በአዲሱ ቅጂ ላይ ከሁሉ በፊት አወጣሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለቅሶ ሄድን። ወይዘሮ እጅጉ ክንፈሚካኤልን አስጠሩትና የልጃቸውን ስልክ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት።

"እኔ ፊደል አልለይም። የት ላይ እንዳቆመ አሳየኝ።"

ከፈተው።

"እስቲ የቀረውን አንብብልኝ።"

ስለ ስፌቱ አነበበ። ጆንያው ላይ ቀን ስለ መጻፍ አነበበ። ስለ አይጥ አነበበ። አራተኛው ሲከፈት ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው፤ ተቀብዬ እኔ አነበብሁት። "ክኒን የገባበትን እህል ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አታስቀምጡ።"

ወይዘሮ እጅጉ አላለቀሱም፣ አልረገሙንምም። ክንፈሚካኤልን ብቻ እያዩ፣

"ታውቁት ኖሯል?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"