ሰባት ኳስ ለአንድ ቀዛፊ

ሰውን ምን ትፈራለህ ብለው ቢጠይቁት አብዛኛው ሞትን ይላል። የመንደራችን የኦዳቪክ ሰው፣ ሳካሪስ፣ የሚፈራው ዘፈን ነበር።

በሰሜኑ ውቅያኖስ መካከል ባሉት በእኛ ደሴቶች ሰው ሲሳሳት አይከሰስም፤ ይገጠምለታል። የጎረቤቱን በግ የራሱ መስሎት የሸለተ፣ በሠርጉ ቀን ጭጋግ አሳስቶት የሌላ መንደር ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሙሽራይቱን የጠበቀ፣ ሁሉም የየራሱ የሽሙጥ ዘፈን አለው። በመንደሩ አዳራሽ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ እየረገጥን እንዘፍነዋለን። ባለጉዳዩ እንዳያመልጥ ሁለት ጉልበተኞች በግራና በቀኝ ክንዱን ጨምድደው ክቡ ውስጥ ያቆሙታል። ዘፈኑ ከሰውየው ዕድሜ በላይ ይኖራል። እኔ ኮፐንሃገን ስድስት ዓመት ፍልስፍና ተምሬ፣ ስለ ፍትሕ ክምር መጽሐፍ አገላብጬ ተመልሻለሁ፤ ከዚህ የሚያስፈራ ችሎት የትም አላነበብኩም።

ሳካሪስ ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተዘፈነበትም። ይህ በዕድል የመጣ አይደለም። በጎቹን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ሰው በተሰበሰበበት ከቡና ሌላ አይቀምስም። ሲጠየቅ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ጫማውን ያይና «እንግዲህ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ መልሱም ይኸው ነው። «የሳካሪስ ሕይወት ስንኝ የማይበቅልበት ድንጋይ ነው» ይል ነበር ኒክላይ፣ የመንደራችን ፖስተኛና ገጣሚ፣ በእውነተኛ ሐዘን።

ሥራው ኳስ መቅዘፍ ነበር። የኦዳቪክ ሜዳ አንዱ ጎኑ ተራራ፣ ሌላው ጎኑ ባሕር ነው። በባሕሩ በኩል የድንጋይ አጥርና መረብ አለ፤ ነፋስ ግን አጥር አያውቅም። ስለዚህ በጨዋታ ቀን ሳካሪስ ረጅም እጀታ ያለው የዓሣ ማጥመጃ መረቡን ይዞ ጀልባው ላይ ይቀመጣል። ኳስ ሲወድቅ ይቀዝፋል፣ ያወጣል፣ በአጥሩ ላይ ይወረውራል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ኳስ ለባሕር አልሰጠም፤ የእኛ ቡድን ኳስና የእንግዳው ኳስ ብሎም ለይቶ አያውቅም።

ቡድኖቻችን ወደ አውሮፓ ውድድር እንዲገቡ በተፈቀደላቸው ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። የአገራችንን ዋንጫ በላን፤ ስለዚህ የየአገሩ ዋንጫ አሸናፊዎች ወደሚጋጠሙበት ትልቅ ውድድር ተጠራን። በዚያ ውድድር ነጥብ መሰብሰብ የሚባል ነገር የለም፤ አንዴ እነሱ ጋ፣ አንዴ እኛ ጋ፣ ከዚያ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ዕጣው ግራውባህ ከምትባል የኦስትሪያ ከተማ ጋር ጣለን። እዚያ ሄደን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። መንደሩ ግን ሠርግ መሰለ፤ በባዕድ ሜዳ ያገባናት አንዷ ጎል ሚዛን ትደፋለች፤ እቤታችን አንድ ለባዶ ካሸነፍን እናልፋለን። ያን ሰሞን የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች ዓሣ ሲከትፉ እንኳ «አንድ ለባዶ» እያሉ ነበር የሚከትፉት።

ለመልሱ ጨዋታ ከውድድሩ ዋና ጽሕፈት ቤት አንድ ታዛቢ በሄሊኮፕተር መጣ። ሣሩን በሜትር ለካ፤ ኳሶቹን ቆጠረ፤ በደንቡ መሠረት ሰባት ሆኑ። ከዚያ ዞር ብሎ ጀልባውን አየና፣ እንግሊዝኛ ስለምችል እኔን ጠራኝ።

«ያ ሰውዬ ማነው?»

«ኳስ አምጪያችን ነው።»

«ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«ባሕሩም ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አልኩት።

ታዛቢው ቦርሳውን ከፈተ። ሳካሪስ ፎቶግራፉ የተለጠፈበት ካርድ በሰማያዊ ጥብጣብ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት፤ አንድ ወረቀትም ቀረበለት። «ለሁለቱም ቡድን ያለ አድልዎ በእኩል ትጋት ለማገልገል ቃል እገባለሁ» ይላል። ሳካሪስ ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ «እንግዲህ» አለና ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጻፈ።

ሚስቱ ቢሪታ ከኋላው ቆማ ነበር። «አያችሁልኝ? እቤት ለሁለታችንም እኩል እንዲሠራ እኔ የት ሄጄ ነው የማስፈርመው?»

ኒክላይ የፖስታ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ተጠጋው። «እንኳን ደስ ያለህ የመንግሥት ሰው! በል ስማኝ። እየመራን ሳለ ኳስ ባሕር ቢገባና አንተ እንደ ልማድህ እየበረርክ ብታመጣው፣ ብንሸነፍም፣ የመጀመሪያው ስንኝ አልቆልኛል።»

«ቀስ ብዬ ብቀዝፍስ?»

«ያኔማ ‹ፊርማውን የበላ ቀዛፊ› ነዋ! እሱም አልቋል። ቤት የሚመታው እንደውም እሱ ነው።»

ሳካሪስ ወደ ጀልባው ወረደ። ካርዱን እንዳይረጥብ ከሹራቡ ሥር ከተተው።

ጨዋታው ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ሦስት መቶ ሰው፣ ማለት መንደሩ በሙሉና ከየደሴቱ የመጣ ዘመድ፣ ተራራው ሥርና የድንጋዩ አጥር ላይ ሰፍሯል። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከማዕዘን የመጣችውን ኳስ በጆሮው ይሁን በትከሻው እስካሁን ባልተወሰነ አካሉ መትቶ አገባት። አንድ ለባዶ! አንዲት አሮጊት የማታውቀውን ኦስትሪያዊ ጋዜጠኛ አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ ጋዜጠኛውም መልሶ ሳማት።

ከእረፍት በኋላ ነፋሱ ከተራራው ዞሮ ወደ ባሕር መንፈስ ጀመረ። ተከላካዮቻችን ይህን ለማወቅ የአየር ትንበያ አላስፈለጋቸውም። ኳስ በመጣላቸው ቁጥር ወደ ባሕር! አንዷ ሄደች፣ ሳካሪስ አመጣት። ሌላዋ ሄደች፣ አመጣት። እንዲህ ሲቀዝፍ አይቼው አላውቅም፤ ጀልባዋ ሽቅብ የምትዘል ትመስል ነበር።

«ምን ነካህ አንተ ሰው! የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል ከአጥሩ ላይ።

«ቀስ! እጅህን አሳርፍ! ትኩስ ዳቦ አይደለም የምታመጣው!»

«ቢሪታ፣ ባልሽን አንድ በይው እንጂ!»

«እኔን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? ታዛቢውን ንገሩት!»

ሰዉ ሁሉ መዳፉን ወደ መሬት እየተጫነ፣ ሊጥ እንደሚዳምጥ፣ ዝግ እንዲል ያመለክተው ነበር። ነፋሱ ግን ኳሶቹን ወዲያ አርቆ ይወስድ ጀመር። አንዷን ሊያወጣ ሲርቅ ሌላዋ ትመጣለች፤ እሷን ሲከተል ሦስተኛዋ። በሰማንያኛው ደቂቃ አራት ጀልባው ውስጥ፣ ሁለት ማዕበል ላይ ነበሩ። በዚያች ሰዓት ኦስትሪያውያኑ የጎላችንን አግዳሚ ብረት በኳስ አንቀጠቀጡት፤ እንደገና ከበቡን፤ የሦስት መቶ ሰው ዓይን ጎሉ ላይ ተሰፋ። በመጨረሻ አንድ ተከላካያችን በሙሉ ኃይሉ መታት። ሰባተኛዋ ኳስ በአጥሩ ላይ፣ በመረቡ ላይ፣ በወፎቹ መካከል አልፋ ባሕር ገባች።

ሜዳው ላይ ኳስ የለም። መንደሩ በደስታ ጮኸ።

ታዛቢው ደንቡን ይዞ ሲሮጥ መጣና ለዳኛው አሳየው፤ ዳኛው ለቦጊ ነገረው። ቦጊ በረኛችንና የቡድኑ አለቃ ነው፤ በአዘቦት ፋብሪካው ውስጥ በረዶ ይጭናል። ቦጊ ጓንቱን እንዳደረገ ወደ አጥሩ በረረ።

«ዝም በሉ! ኳስ የማቅረብ ግዴታው የኛ ነው! በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ኳስ ካልመጣ ሦስት ለባዶ ተሸንፋችኋል ይላል!»

 ከዚያ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ጸለየም፣ ተሳደበም፣ ጮኸም። «ቶሎ በል ሳካሪስ! ኳስ! ፍጠን!» ጃኬት ያለው ጃኬቱን፣ የሌለው ሹራቡን አውልቆ ወደ ባሕሩ ያውለበልብ ጀመር። አሁን ቆሜ ሳስበው፣ አንድም ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አላስተዋለም። እኔም ኮቴን አውልቄ ነበር።

እዚያ ሩቅ ለተቀመጠ ሰው ቃሉ አይደርሰውም፤ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። በእኛ አገር ደግሞ መንደር ሙሉ ጮሆ ጃኬት ወደ ባሕር ካውለበለበ ትርጉሙ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አንድ ነው፤ የዓሣ ነባሪ መንጋ ታይቷል፣ ጀልባ ያለህ ውጣ ማለት ነው። ሠርግ ይቋረጣል፣ ቄስ ስብከቱን ይተዋል። ሳካሪስ ብድግ ብሎ ዓይኑን በእጁ ከለለ። ጃኬቶቹ ወደሚያመለክቱት ወደ ሰፊው ባሕር ዞረ። ተቀመጠ። አራት ኳስ ይዞ፣ አንገቱ ላይ ካርድ አስሮ፣ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ ቀዘፈ!

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ ታዛቢው እጄን ይዞ።

«ወደ አይስላንድ» አልኩት። ምን ልበለው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ በሳቅ ሆዴን እይዛለሁ። ቦጊ መጀመሪያ አጥሩን ዘለለ። አራት ጀልባ ወደ ባሕር ተገፋ። የእኛ ሰው መንጋ ለመመለስ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ ጀልባዎቹ በግማሽ ክብ ይዘረጋሉ፣ ከኋላ ይመጣሉ፣ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ውኃው ላይ እየወረወሩ ወደ ዳርቻ ይነዳሉ። ሳካሪስንም እንዲሁ ከበቡት። ድንጋዩ ይወረወራል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ የኦስትሪያ ተጫዋቾች አጥሩ ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ። ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ ዘጠኙ አልቆ ነበር።

«አባባ ሳካሪስ! ይመለሱ!» አለ ቦጊ ከፊተኛዋ ጀልባ ላይ ቆሞ።

«መንጋው የት አለ?»

«እርስዎ ነዎት መንጋው! ኳሱን ይስጡን!»

ሳካሪስ ወደ ኳሶቹ አየ፣ ወደ ድንጋዮቹ አየ። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ ይባላል፤ እኔ ከሩቅ ስለነበርኩ አልመሰክርም። አንዷን አንስቶ ሰጠው። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ቦጊ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ ኳሷን በእጁ ወረወረ፤ እሱ ባሕር ወደቀ፣ ኳሷ ሜዳ ወደቀች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ቦጊ ከነውኃው፣ ከነባሕር ሣሩ ጎሉ ውስጥ ቆመ። የቀሩትን ደቂቃዎች ተከላካዮቻችን ኳሷን ወደ ተራራው ብቻ፣ ወደ በጎቹ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቁ መቱ። አለቀ። አንድ ለባዶ። አለፍን!

ሳካሪስ የቀሩትን ሁለት ኳሶችና ሰባተኛዋን ለቅሞ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ በመኪና ጡሩምባና በእንባ መካከል ነበር። ጀልባውን አሰረ፤ ካርዱን አውልቆ ለታዛቢው መለሰ። ታዛቢው አልቀበልም አለ፤ ጭጋግ ወርዶ ሄሊኮፕተሩ ስለቀረበት ከጋጋሪው ቤት የመጣለትን የደረቀ የበግ ሥጋ እየበላ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አዳራሹ ሞላ። ኒክላይ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ሃያ ስድስት ስንኝ ይዟል። ሁለት በረዶ ጫኞች ወደ ሳካሪስ መጡ።

«ይዛችሁኝ ምን ልትሆኑ ነው? እዚሁ ነኝ» አላቸውና በገዛ እግሩ ክቡ ውስጥ ገባ። በግራው ቢሪታ፣ በቀኙ እኔ ያዝነው።  ስድሳ ሦስት ዓመት የሸሸው ነገር መጣ።

ኒክላይ በሕይወቱ እንዲህ ገጥሞ አያውቅም። ኳስ የሚተፋ ዓሣ ነባሪ ነበረበት፤ በደንብ መጽሐፍ የሚቀዝፍ ታዛቢ ነበረበት፤ አንገቱ ላይ ካርድ ያሰረ መንጋ ነበረበት። ወለሉ በእግር ድምፅ ይናጋል። ታዛቢው ሳይገባው ከሁሉ በላይ ይስቃል፣ ወደ ቀኝ በሚረገጥበት ወደ ግራ ይረግጣል። እኔ ሳካሪስን በጎን እመለከታለሁ፤ ጆሮውን አቁሞ እያንዳንዱን ስንኝ ይጠብቃል፤ አንዱ ስንኝ ሲያልቅ ትንፋሽ ያወጣል፣ ሌላው ሲጀመር ይይዛል። ሃያ ስድስተኛው ስንኝ አለቀ።

«ይኸው ነው? ሌላ የለም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይኸው ነው። አይበቃህም?»

እግራችን ሁለት ወደ ግራ ረገጠ፣ አንድ ወደ ቀኝ።

«መቅዘፊያውን አስቀምጬ ነበር» አለኝ። «እናንተ ጎሉን ስታዩ። ኦስትሪያውያኑ ብረቱን ሲመቱ። ኳሷ እዚህ፣ እጄ ሥር፣ ተንሳፋ ትታየኛለች፤ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ። ፈርሜ እያለሁ።»

 ስድስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ምንም አልረዳኝም።

«ጃኬቶቹን ሳይ ዓሣ ነባሪ ነው ብዬ አመንኩ» አለ። «ዓሣ ነባሪ ከሆነ መቀመጤን ማን ይጠይቀኛል? እንደዚያ ቀዝፌ አላውቅም።»

«ኒክላይ ይህን ቢያውቅ…»

«አያውቅማ! ሞኝ ብሎ ዘፈነብኝ። ሞኝ ነኝ። ለልጅ ልጆቼም ይዝፈኑት።» ክንዴን በክንዱ አጥብቆ ጨመቀው። «አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ከፈለግህ ጻፈው። የአንተን ጽሑፍ ደግሞ ማን ያነበዋል?»

በሁለተኛው ዙር አንድ ትልቅ የደቡብ ቡድን አሥራ አንድ ለባዶ ሸኘን፤ ማንም አልገጠመለትም። ያን ምሽት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ኒክላይ ጎንበስ ብሎ የደረቀ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሰዉም ወደየጠርሙሱ ሊበተን ሲል፣ ሳካሪስ እግሩን ወለሉ ላይ መታና በዚያ አንድም ቀን በሰው ፊት ባልተሰማ ድምፁ ከመጀመሪያው ስንኝ ራሱ ጀመረው፤ ሰዉ በግርምት ተመልሶ እጅ ለእጅ ተያያዘ።